የዩኒቨርሲቲ ግቢ የካርቦን ልቀት ቅነሳ ግብ አወጣጥ፦ ከቆጣሪው እስከ ቦርዱ

«ስንት በመቶ እንቀንሳለን ብንል ይሻላል?» በየጊዜው የሚደርሰኝ ጥያቄ ይህ ነው። የሚጠይቁኝ የዩኒቨርሲቲ የጥገና ኃላፊዎች፣ የአካባቢ ጥበቃ ኮሚቴ አባላት፣ አንዳንዴም ለፕሬዚዳንቱ ንግግር የሚያዘጋጁ ሰዎች ናቸው። ለሁሉም የምሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ቁጥሩ የሚመጣው በዘጠነኛው ደረጃ ላይ ነው። ቆጣሪ ሳያነብ፣ የነዳጅ ደረሰኝ ሳይደምር መቶኛ ያወጀ ተቋም ከሦስት ዓመት በኋላ «የት ደረሳችሁ?» ሲባል የሚመልሰው ያጣል። ከታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ይሂዱባቸው። አንዱ ለሌላው ግብዓት ስለሆነ መዝለል አይቻልም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ቢያንስ የሦስት ዓመት የኤሌክትሪክ ክፍያ ሰነድ፣ ከእያንዳንዱ ቆጣሪ መለያ ቁጥር ጋር
- የናፍጣ፣ የቤንዚን፣ የቡታ ጋዝ፣ የተፈጥሮ ጋዝና የማገዶ ግዥ ደረሰኞች
- የጀነሬተሮች የሥራ ሰዓት መዝገብ
- በአየር ማቀዝቀዣዎችና በፍሪጆች ውስጥ የተሞላውን ጋዝ ዓይነትና መጠን የሚያሳይ የጥገና ሰነድ
- የሕንፃዎች ዝርዝር፣ ከስፋታቸው፣ ከተሠሩበት ዓመትና ከአገልግሎታቸው ጋር
- የቦይለሮች፣ የጀነሬተሮችና የትልልቅ ማቀዝቀዣዎች ዝርዝር፣ ከተተከሉበት ዓመት ጋር
- የሚቀጥሉት አሥር ዓመታት የግንባታና የተማሪ ቅበላ ዕቅድ
- የአገሪቱ የኤሌክትሪክ መረብ የልቀት ማባዣ፣ ማለትም አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ለማመንጨት ስንት ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚወጣ የሚነግረው ቁጥር
- እንደ ኤክሴል ያለ ተራ የስሌት ሠንጠረዥ

ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግዎትም። የመጀመሪያውን ቆጠራ በተራ ሠንጠረዥ የሠራ ሰው እያንዳንዱ ቁጥር ከየት እንደመጣ ያውቃል። ሶፍትዌር ከፈለጉ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ይግዙ።

ደረጃ 1፦ የሥራውን ባለቤት ይወስኑ

አንድ ሰው በስሙ ይሾም። ኮሚቴ ይመክራል፣ ያግዛል፤ ቆጠራውን ግን የሚጨርሰው የሥራ ዝርዝሩ ላይ የተጻፈበት ሰው ነው። ከጥገና፣ ከፋይናንስ፣ ከግዥና ከግንባታ ክፍሎች አንድ አንድ ተወካይ ይጨመርለት። የፋይናንሱ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መኖር አለበት። መጨረሻ ላይ የሚጠራ የፋይናንስ ኃላፊ ብዙውን ጊዜ «በጀት የለም» ለማለት ብቻ ነው የሚመጣው።

ደረጃ 2፦ ወሰኑን ያስምሩ

የትኛው ሕንፃ የእርስዎ ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ዩኒቨርሲቲ ግን ማስተማሪያ ሆስፒታል፣ የምርምር እርሻ፣ ለባንክና ለካፌ ያከራያቸው ክፍሎች፣ ከሌላ አካል የተከራያቸው ቢሮዎች፣ ሌላ ከተማ ውስጥ ያለ ቅርንጫፍ ሊኖረው ይችላል። አብዛኛዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠቀሙበት መለኪያ የአሠራር ቁጥጥር ነው፤ የዕለት ተዕለት ሥራውን የሚያዙበት፣ መብራቱን የሚያጠፉና ቦይለሩን የሚቀይሩ እርስዎ ከሆኑ ይቆጠራል።

ያስገቡትንም ያስቀሩትንም ከነምክንያቱ በአንድ ገጽ ጽፈው ያስቀምጡ። ወሰኑ ካልተጻፈ ከአምስት ዓመት በኋላ አንድ ሕንፃ ከዝርዝሩ ሲወጣ ልቀቱ «የቀነሰ» ይመስላል፤ የት እንደሄደም የሚያስታውስ አይኖርም።

ደረጃ 3፦ ልቀቱን በሦስት ምድብ ይክፈሉ

አከፋፈሉ የግሪንሃውስ ጋዝ ፕሮቶኮል ከሚባለው ዓለም አቀፍ የአቆጣጠር ደንብ የተወሰደ ነው።

*ምድብ አንድ* በግቢው ውስጥ በቀጥታ የሚቃጠለውና የሚያፈተልከው ነው። ቦይለር፣ ጀነሬተር፣ የወጥ ቤት ምድጃ፣ የዩኒቨርሲቲው ተሽከርካሪዎች፣ ከማቀዝቀዣ የሚያመልጥ ጋዝ ሁሉ እዚህ ይገባሉ። *ምድብ ሁለት* ከውጭ የሚገዛ ኤሌክትሪክ ነው፤ እንፋሎት ወይም ሙቅ ውሃ ከውጭ የሚገዛ ከሆነ እሱም ይጨመራል። *ምድብ ሦስት* ዩኒቨርሲቲው ሰበብ ሆኖ ሌላው ዘንድ የሚወጣው ነው፦ የአውሮፕላን ጉዞ፣ የተማሪና የሠራተኛ መመላለሻ፣ የተገዙ ዕቃዎች፣ ምግብ፣ የግንባታ ሲሚንቶና ብረት፣ ቆሻሻ። ደንቡ ምድብ ሦስትን ለብቻው በ15 ንዑሳን ክፍሎች ይዘረዝረዋል።

ብዙዎች የሚደናገጡት እዚህ ላይ ነው። ምድብ ሦስት ሲቆጠር ከአንዱና ከሁለቱ ድምር ሊበልጥ ይችላል፤ መረጃው ደግሞ የላላ ነው። ምክሬ ይህ ነው፤ ምድብ አንድንና ሁለትን ሙሉ በሙሉ ይቁጠሩ። ከምድብ ሦስት በመጀመሪያው ዙር ጉዞን፣ መመላለሻንና ቆሻሻን ይውሰዱ። ግዥንና ግንባታን በሁለተኛው ዙር ይጨምሩ፤ ግብ ሲያወጡም ለብቻቸው ያውጡላቸው። ሁሉንም በአንድ መቶኛ ካቀላቀሉት የላላው መረጃ የጠበቀውን ያበላሸዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ለዕቃ ግዥ በወጣው ገንዘብ ልክ ልቀትን የሚገምት ስሌት አለ። ለመጀመሪያ ግምት ይረዳል። ነገር ግን ዋጋ ሲንር ልቀቱም አብሮ የጨመረ ያስመስላል። ሠላሳ ኮምፒውተር አምናም ዘንድሮም ሠላሳ ኮምፒውተር ነው፤ ስለዚህ ለትልልቆቹ ግዥዎች በብዛትና በክብደት ወደ መቁጠር ይሸጋገሩ።

መመላለሻን በመጠይቅ ሲሰበስቡ «አብዛኛውን ጊዜ በምን ይመጣሉ?» አይበሉ። «ባለፈው ሳምንት ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ በምን መጡ?» ብለው ይጠይቁ። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰው ራሱን እንደሚያስበው እንዲመልስ ይጋብዘዋል፤ ሁለተኛው ያደረገውን ያስታውሰዋል።

ደረጃ 4፦ መረጃውን ከምንጩ ይሰብስቡ

ረጅሙ ሥራ ይህ ነው። ሁለት ወር ይመድቡለት።

ኤሌክትሪክን ከክፍያ ሰነድ ይጀምሩ፤ ከዚያ ግን ሰነዱን ይዘው ግቢውን በእግር ይዙሩ። እያንዳንዱን ቆጣሪ በዓይንዎ ይዩ፣ ቁጥሩን ፎቶ ያንሱ፣ የትኛውን ሕንፃ እንደሚመግብ ይጠይቁ። ሁለት ነገር ማግኘትዎ አይቀርም። አንዱ ዩኒቨርሲቲው የሚከፍልበት ነገር ግን ማን እንደሚጠቀምበት የማይታወቅ ቆጣሪ ነው። ሌላው ምንም ቆጣሪ የሌለው ሕንፃ ነው።

አንድ ስህተት እኔው ራሴ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያ ቆጠራዬ ላይ በግቢው ውስጥ ያሉትን የሕንፃ ቆጣሪዎች አነበብኩ፣ የወሩን ልዩነት ወሰድኩ፣ ደመርኩ። የወጣው ድምር ከክፍያ ሰነዱ ጋር ሊቀራረብ አልቻለም፤ በብዙ እጥፍ ያንሳል። ሳምንት ሙሉ የሂሳቤን ስህተት ስፈልግ ቆየሁ። በኋላ አንድ አንጋፋ የጥገና ክፍል ኤሌክትሪሺያን የቆጣሪ ሳጥኑን ከፍተው በእስክሪብቶ ጫፍ አንዲት ትንሽ ሳህን አሳዩኝ። «200/5» ይላል። «ማባዣውን ረሳኸው» አሉኝ። ትልልቅ ሕንፃዎች ላይ ቆጣሪው ሙሉውን ጅረት በቀጥታ አይለካም፤ በጅረት መቀነሻ ትራንስፎርመር በኩል ያልፍለታል። 200/5 ማለት የተነበበው ቁጥር በ40 ይባዛል ማለት ነው። ከአቅራቢው የሚመጣው ደረሰኝ አብዛኛውን ጊዜ ተባዝቶ ይመጣል፤ የግቢው የውስጥ ቆጣሪ ግን ላይባዛ ይችላል። ከዚያ ወዲህ በሠንጠረዤ ውስጥ ከቆጣሪ ቁጥሩ ቀጥሎ «ማባዣ» የሚል ዓምድ ሳላኖር ሥራ ጀምሬ አላውቅም። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ።

ነዳጅን በተመለከተ የተገዛውና የተቃጠለው አንድ አይደሉም። በዓመቱ መጀመሪያና መጨረሻ በታንከሩ ውስጥ የነበረውን መጠን ይለኩ፤ የመጀመሪያውን በግዥው ላይ ደምረው የመጨረሻውን ይቀንሱ። ከዚያ ከጀነሬተሩ የሥራ ሰዓት ጋር ያስተያዩት። ሊትሩ ከሰዓቱ ጋር ፈጽሞ የማይሄድ ከሆነ ወይ መዝገቡ የተሳሳተ ነው፣ ወይ ነዳጁ ሌላ ቦታ ሄዷል፤ ሁለቱንም ማወቅ ያስፈልጋል።

የማቀዝቀዣ ጋዝ ሁልጊዜ የሚረሳ ነው። ሽታ የለውም፣ ጭስ የለውም፣ ደረሰኙም «የጥገና ዕቃ» በሚል ርዕስ ሥር ተቀብሯል። መሣሪያው ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ጋዝ መጨመር ባላስፈለገው ነበር፤ ስለዚህ በዓመቱ የተጨመረው መጠን ያፈተለከው መጠን ነው ብለው ይያዙ። ክብደቱ ምን ያህል እንደሆነ በሚቀጥለው ደረጃ ያዩታል።

ደረጃ 5፦ ሁሉንም ወደ ቶን ይቀይሩ

እያንዳንዱ መጠን በልቀት ማባዣው ይባዛል። ውጤቱ «ቶን የካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ» ይባላል። «አቻ» የተባለው እንደ ሚቴን ያሉ ሌሎች ጋዞችም ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተተርጉመው ስለሚደመሩ ነው።

ለምሳሌ ያህል የፈጠርኩትን አንድ መካከለኛ ግቢ እንውሰድ። የኤሌክትሪክ መረቡን ማባዣ 0.4 ኪሎ ግራም በኪሎ ዋት ሰዓት ብያለሁ፤ እርስዎ የአገርዎን ያስገቡ።

- ናፍጣ 40,000 ሊትር × 2.68 ኪሎ ግራም = 107 ቶን
- ቤንዚን 30,000 ሊትር × 2.31 ኪሎ ግራም = 69 ቶን
- የተፈጥሮ ጋዝ ለቦይለር 300,000 ሜትር ኩብ × 2 ኪሎ ግራም ገደማ = 600 ቶን
- አር-410ኤ የተባለው የማቀዝቀዣ ጋዝ 50 ኪሎ ግራም × 2,088 = 104 ቶን
- ኤሌክትሪክ 6,000,000 ኪሎ ዋት ሰዓት × 0.4 ኪሎ ግራም = 2,400 ቶን

ጠቅላላ 3,280 ቶን ገደማ። አራተኛውን መስመር ደግመው ይዩት። አንድ ሰው በጋሪ የሚገፋው ሃምሳ ኪሎ ጋዝ ጀነሬተሮቹ ዓመቱን ሙሉ ካቃጠሉት አርባ ሺህ ሊትር ናፍጣ ጋር እኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ማስጠንቀቂያ፦ የኤሌክትሪክ ልቀት በሁለት መንገድ ይሰላል። አንደኛው በመረቡ አማካይ ማባዣ ነው። ሁለተኛው ከማን፣ በምን ውል እንደተገዛ አይቶ ነው፤ የታዳሽ ኃይል ውልና የምስክር ወረቀት የሚታየው በዚህ ስሌት ነው። ሁለቱንም አስልተው ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ ግብዎ በየትኛው እንደሚለካም አስቀድመው ይወስኑ። በየዓመቱ ጥሩ የመጣውን እየመረጡ ማውጣት አንባቢን ማታለል ነው። ከጣሪያዎ ላይ ያለውን የፀሐይ ኃይል የምስክር ወረቀት ለሌላ ከሸጡ ደግሞ ንጹሕነቱ የገዢው ሆኗል፤ እርስዎ ሊቆጥሩት አይችሉም።

ማገዶ እንጨት የሚያቃጥሉ ከሆነ ከእንጨቱ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከምድቦቹ ውጪ ለብቻው ይመዘገባል፤ አብሮት የሚወጣው ሚቴንና ናይትረስ ኦክሳይድ ግን ምድብ አንድ ውስጥ ይገባል። «እንጨት ስለሆነ ዜሮ ነው» ብለው አይለፉት።

ደረጃ 6፦ መነሻ ዓመት ይምረጡ

መቶኛ ሁልጊዜ ከአንድ ነገር ላይ ነው የሚቀነሰው። ያ ነገር የመነሻው ዓመት ልቀት ነው። መረጃው የተሟላ፣ ሥራው እንደ ወትሮው የነበረበት ዓመት ይምረጡ። እ.ኤ.አ. 2020ን እና 2021ን ይተዉ፤ ግቢዎች በወረርሽኙ ተዘግተው ስለነበር ከዚያ ተነስቶ መቀነስ አይቻልም። ከፍተኛ ልቀት የነበረበትን ዓመት መምረጥም ያጓጓል፤ ግን አይምረጡት፤ ሳይሠሩ የቀነሱ ያስመስላልና። ዓመታቱ የሚዋዥቁ ከሆነ የሦስት ዓመት አማካይ ይውሰዱ።

አብረው አንድ ደንብ ይጻፉ። በወሰን ለውጥ ወይም በተገኘ ስህተት ምክንያት የመነሻው ልቀት ከ5 በመቶ በላይ የሚለወጥ ከሆነ መነሻው እንደገና ይሰላል። ይህ ደንብ ከሌለ ሌላ ኮሌጅ ሲዋሃድ ግቡ በአንድ ሌሊት ይፈርሳል።

ደረጃ 7፦ ምንም ባይደረግ የሚደረስበትን ያስሉ

ዩኒቨርሲቲ ያድጋል። ልቀቱ ከተማሪውና ከሕንፃው ጋር በዓመት 3 በመቶ ቢጨምር በአሥር ዓመት 34 በመቶ ይደርሳል። የምሳሌው ግቢ ከ3,280 ወደ 4,400 ቶን ገደማ ይወጣል ማለት ነው። የግንባታ ዕቅዱን በእጅዎ ይያዙ፤ እያንዳንዱን ታቅዶ ያለ ሕንፃ በስፋቱና በአገልግሎቱ ያስሉ። ቤተ ሙከራ ከመማሪያ ክፍል እጅግ የበለጠ ኃይል ይበላል፤ የጭስ መሳቢያዎቹ የቀዘቀዘውን ወይም የሞቀውን አየር ሌት ተቀን ወደ ውጭ ይጥሉታል። ስለዚህ በአማካይ አይገምቱ።

ይህን ደረጃ የሚዘሉ ሰዎች «42 በመቶ» ሲሉ (ቁጥሩ ከየት እንደመጣ በደረጃ 9 ያዩታል) 1,380 ቶን ብቻ የሚቀንሱ ይመስላቸዋል። 3,280 ላይ 42 በመቶ ሲቀነስ መድረሻው 1,900 ነው። ከ4,400 ወደ 1,900 ለመውረድ ግን መቀነስ ያለበት 2,500 ቶን ነው። ሥራው በእጥፍ ሊጠጋ ጥቂት ቀረው። ይህን ልዩነት ለቦርዱ አስቀድሞ ያላሳየ ሰው ኋላ በጭንቅ ያሳያል።

ደረጃ 8፦ የቅነሳ ሥራዎችን በቶን ይዘርዝሩ

እያንዳንዱ ሥራ ስንት ቶን እንደሚያስቀር፣ ስንት እንደሚፈጅ፣ መቼ እንደሚሠራ ይጻፍ። «ግንዛቤ ማስጨበጥ» ቶን ካልተጻፈበት ከዝርዝሩ ይውጣ።

ከሌሊቱ ይጀምሩ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ተማሪው ተኝቶ ቢሮው ሁሉ ተቆልፎ ሳለ፣ ዋናውን ቆጣሪ ያንብቡ። የምሳሌው ግቢ በዚያ ሰዓት 400 ኪሎ ዋት ቢስብና ይህ ጭነት ቀንም ሌሊትም ባይቋረጥ በዓመት 3.5 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ከጠቅላላ ፍጆታው ከግማሽ ይበልጣል። ማንም ሳይጠቀምበት! ከዚያ የጥበቃ ሠራተኛውንና ኤሌክትሪሺያኑን ይዘው ይዙሩ። ባዶ አዳራሽ ውስጥ የሚነፍስ አየር ማቀዝቀዣ፣ ቀንም ሌሊትም የሚዞር የውሃ ፓምፕ፣ የተከፈተ የጭስ መሳቢያ መስኮት፣ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ የተስተካከለ የናሙና ማቀዝቀዣ ያገኛሉ። የመጨረሻውን ከዜሮ በታች ወደ 70 ማምጣት ብቻ ከፍጆታው 30 በመቶ ገደማ ያስቀራል፤ በውስጡ ያለው ናሙና ይችለው እንደሆነ ግን ተመራማሪውን ሳይጠይቁ ቁልፉን አይንኩ። ከሌሊቱ ጭነት 100 ኪሎ ዋት ማውረድ ከቻሉ 350 ቶን ቀነሱ።

ቀጥሎ ሙቀት አለ። የጋዝ ቦይለሩን በኤሌክትሪክ የሙቀት ፓምፕ መቀየር 600 ቶን ያስቀራል ተብሎ ሲጻፍ ደጋግሜ አይቻለሁ። ስሌቱ እንዲህ ነው። 300,000 ሜትር ኩብ ጋዝ ወደ 3 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ሙቀት አለው፤ ቦይለሩ 85 በመቶውን ብቻ ቢጠቀምበት 2.55 ሚሊዮን ይሆናል። የሙቀት ፓምፑ በአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ሦስት ኪሎ ዋት ሰዓት ሙቀት ቢሰጥ 850,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ እሱም 340 ቶን ነው። የተጣራው ቅነሳ 260 ቶን ብቻ ሆነ። መረቡ በውሃና በነፋስ ኃይል የሚሠራ ቢሆን ኖሮ 600 ሊጠጋ ይችል ነበር። ለዚህ ነው የሌላውን ዩኒቨርሲቲ ዕቅድ ገልብጦ መውሰድ የማይቻለው።

ቦይለር ከሃያ ዓመት በላይ ያገለግላል። ዘንድሮ የሚተከል የጋዝ ቦይለር ግቡ ካለቀ በኋላም ይነድዳል፤ ስለዚህ በዝርዝርዎ ውስጥ የትኛው መሣሪያ መቼ እንደሚያረጅ ምልክት ያድርጉና መተኪያው ከመበላሸቱ በፊት ተወስኖ ይጠብቅ። በክረምት እኩለ ሌሊት የፈነዳ ቦይለር የሚተካው በዚያው ዓይነት ነው፤ ያን ሰዓት ማንም ጥናት አያነብም። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. 2015 ሥራ ባስጀመረው አዲስ ሥርዓት የማቀዝቀዣዎቹን የሚጣል ሙቀት መልሶ ሕንፃ ያሞቅበታል። እንዲህ ያለው ሥራ የድሮውን ማመንጫ ማርጀት ተከትሎ ሲታቀድ ያዋጣል።

የምሳሌው ግቢ ዝርዝር ሲጠቃለል፦ ሌሊት 350፣ የመብራት ቅየራ 150፣ የሙቀት ፓምፕ 260፣ የጋዝ ፍሳሽ ጥገና 50፣ ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቦታ የአንድ ሜጋ ዋት የፀሐይ ኃይል 600፣ አዳዲስ ሕንፃዎች ሲሠሩ የሚጨምሩትን ልቀት በግማሽ የሚገታ የግንባታ መስፈርት 560። ድምሩ 1,970 ነው። 2,500 አልሞላም። የጎደለውን 530 ቶን አይደብቁት፤ የሚቀጥለው ደረጃ የሚጀምረው ከእሱ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ቅነሳዎች እርስ በርስ ይነካካሉ። በሌሊት የጠፋ አምፖል በመብራት ቅየራው ሁለተኛ ጊዜ አይቆጠርም።

ደረጃ 9፦ አሁን ቁጥሩን ይምረጡ

ሁለት ቁጥር ይዘው ይቀመጡ። አንዱ ከላይ የሚመጣ ነው፤ ሳይንሱ የሚጠይቀው። የዓለም ሙቀት ጭማሪ ከ1.5 ዲግሪ እንዳያልፍ በሚል ተቋማት የሚጠቀሙበት መለኪያ ከመነሻው ልቀት በዓመት 4.2 በመቶ መቀነስ ነው፤ በአሥር ዓመት 42 በመቶ ይሆናል። ሌላው ከታች የሚመጣው፣ በደረጃ 8 የደመሩት ነው። ሁለቱ አይገጥሙም። ክፍተቱን ለመሙላት ሦስት መንገድ አለ፦ ከታዳሽ ምንጭ በውል ኤሌክትሪክ መግዛት (ግብዎ የሚለካው በደረጃ 5 ሁለተኛው ስሌት ከሆነ ብቻ)፣ አዲስ ከመገንባት ይልቅ ያሉትን ክፍሎች በተሻለ ፕሮግራም መጠቀም፣ ወይም ግቡን ዝቅ አድርጎ ምክንያቱን በግልጽ መጻፍ። ሁለተኛውን አጥብቄ እመክራለሁ። የክፍሎቹን አጠቃቀም ሰዓት በሰዓት ቆጥረው ይዩት፤ ከሰዓት በኋላ ባዶ የሚውለው ክፍል ብዛት ያስገርማል፤ ያልተሠራ ሕንፃ ደግሞ ልቀት የለውም።

ቁጥሩ ጠቅላላ ልቀትን የሚመለከት ይሁን። «በተማሪ» ወይም «በካሬ ሜትር» የሚለካ ግብ እንደ ተጨማሪ መለኪያ ጥሩ ነው፤ ብቻውን ከቆመ ግን ተማሪው በእጥፍ ሲጨምር ልቀቱ እየጨመረ «ግቡ ተሳካ» ይባላል። ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. 2008 ከ2006 ልቀቱ ላይ 30 በመቶ በ2016 እቀንሳለሁ ሲል የግቢውን ዕድገት ሳያስቀር ነበር፤ በተባለው ዓመትም ደረሰበት።

የሩቁን ግብ ብቻ አያስቀምጡ። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. 2010 ግብ ሲያወጣ ከ2007 መነሻ 33 በመቶ በ2015፣ 67 በመቶ በ2020፣ 100 በመቶ በ2050 ብሎ ደርድሮታል። የመካከለኛዎቹ ዓመታት ጥቅም፣ ዛሬ ወንበር ላይ ያለው አመራር ራሱ የሚጠየቅበት ቀን መኖሩ ነው።

ማካካሻን በተመለከተ ጠንቀቅ ይበሉ። ሌላ ቦታ ለተተከለ ዛፍ ገንዘብ ከፍሎ የራስን ልቀት «ዜሮ» ማለት ይቻላል፤ ቦይለሩ ግን እየነደደ ነው፤ ክፍያውም በየዓመቱ ይደጋገማል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. 2013 «በ2025 ከካርቦን ገለልተኛ እንሆናለን» ብሎ ነበር። በ2023 ይህን ለውጦ ከ2019 መነሻ ቢያንስ 90 በመቶውን በ2045 በቀጥታ ለመቀነስ ወሰነ። እርስዎም መጀመሪያውኑ የቀጥታ ቅነሳውን ለብቻው በቁጥር ይጻፉ፤ ማካካሻ ካለ ሊጠፋ ላልቻለው ለመጨረሻው ቀሪ ብቻ፣ ከ10 በመቶ ሳይበልጥ ይሁን።

ደረጃ 10፦ ግቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፣ ገንዘብም ይመድቡለት

ዓረፍተ ነገሩ ስድስት ነገር ይያዝ፦ ምን፣ ከየት፣ በስንት፣ እስከ መቼ፣ በየትኛው ስሌት፣ በማን ኃላፊነት። የሚከተለውን እንደ ናሙና ይውሰዱ።

«ዩኒቨርሲቲው የምድብ አንድና ሁለት ጠቅላላ ልቀቱን ከመነሻው ዓመት 3,280 ቶን በአምስት ዓመት በ20 በመቶ፣ በአሥር ዓመት በ42 በመቶ ይቀንሳል። ኤሌክትሪክ በመረቡ አማካይ ማባዣ ይሰላል፤ ማካካሻ አይቆጠርም። ተጠያቂው የአስተዳደር ምክትል ፕሬዚዳንቱ ነው።»

«አረንጓዴ ግቢ እንፈጥራለን» የሚል ዓረፍተ ነገር ከስድስቱ አንዱንም አልያዘም።

ገንዘቡን ከሁለት ወገን ያምጡ። ከኤሌክትሪክ ቁጠባ የተገኘውን ወደ ጠቅላላ በጀት እንዲሰምጥ አይተዉት፤ ተመልሶ የሚቀጥለውን ሥራ የሚያስጀምር ተዘዋዋሪ ሒሳብ ይክፈቱለት። ሌላው መንገድ ክፍሎች በሚያወጡት ቶን ልክ እንዲከፍሉ ማድረግ ነው። የል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. 2015 ይህን በ20 ሕንፃዎች ላይ፣ በቶን 40 ዶላር ሞክሮታል። ያለ ሕንፃ ቆጣሪ ግን ይህን መሥራት አይቻልም፤ ከዝርዝርዎ ቀዳሚው ወጪ ቆጣሪ መትከል ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 11፦ በየዓመቱ ይቁጠሩ፣ ይግለጹ

በተመሳሳይ ወር፣ በተመሳሳይ ሠንጠረዥ፣ በተመሳሳይ ደንብ ይቁጠሩ። ልቀቱ ሲቀንስ ምክንያቱን ለይተው ይጻፉ፦ ከሥራችን የመጣው ስንት፣ የአገሪቱ መረብ ስለጸዳ የመጣው ስንት፣ ከወትሮው ስለሞቀ ወይም ስለቀዘቀዘ የመጣው ስንት። ይህን ካልለዩ በመልካም ዓመት የማይገባ ምስጋና፣ በክፉ ዓመት የማይገባ ወቀሳ ይመጣል። ሁለት ዓመት ተከታትሎ ከመስመሩ የወጣ ልቀት ለቦርዱ የማስተካከያ ዕቅድ ይዞ እንዲቀርብ በደንቡ ውስጥ ያስገቡ።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

- ኪሎ ዋትንና ኪሎ ዋት ሰዓትን ማደባለቅ። የመጀመሪያው አሁን የሚሳበው ኃይል ነው፤ ሁለተኛው በጊዜ ውስጥ የተጠራቀመው። ማባዣው የሚሠራው ለሁለተኛው ብቻ ነው።
- በጀት ዓመትንና የዘመን አቆጣጠር ዓመትን ማቀላቀል። ደረሰኙ በአንዱ፣ የተማሪው ቁጥር በሌላው ከሆነ ሁሉም ነገር ይዛባል።
- የኤሌክትሪክ ማባዣውን በየዓመቱ እያደሱ የነዳጁን ማባዣ ምንጭ መዝግቦ አለመያዝ። ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ምንጩንና ዓመቱን ይጻፉ።
- የተማሪ መኖሪያን «የግል ፍጆታ ነው» ብሎ ማስቀረት። ሂሳቡን የሚከፍለው ዩኒቨርሲቲው ከሆነ ይቆጠራል።
- ቆጠራውን አንድ ሰው ብቻ እንዲያውቀው መተው። ሠንጠረዡን በጋራ ቦታ ያስቀምጡ፤ ባለቤቱ ሥራ ቢለቅ ተተኪው ከየትኛው ቆጣሪ እንደሚጀምር የሚነግረው አንድ ገጽ ማስታወሻ አብሮት ይኑር።